ንጉሥን ማን ያወርዳል? የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕይወትና የ1923ቱ ሕገ መንግሥት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ፒያሳ ውስጥ ባለች አንዲት ሻይ ቤት የተነሳ ክርክር ነው። ፒያሳ ስል የአዲስ አበባውን ሳይሆን የራሳችንን፣ የደሴውን ማለቴ ነው። ፈተና ጨርሰን ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ አንስተን እንጨቃጨቅ ነበር። እንደሚታወቀው ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አንድ ፕሬዚዳንት ሕገ መንግሥቱ ለእሱ ብቻ በሰጠው ሥልጣን ለሠራው ሥራ ከሥልጣን ከወረደም በኋላ በወንጀል ሊከሰስ አይችልም ብሏል። በሌላው የመንግሥት ሥራው ደግሞ ቢያንስ አይከሰስም ተብሎ ይገመታል፤ በግል ላደረገው ነገር ግን ከለላ የለውም። አንደኛው ጓደኛዬ ይህማ ሰውዬውን ንጉሥ ማድረግ ነው ብሎ ተነሳ። ሌላዋ ደግሞ መሪ በወሰነ ቁጥር ነገ እከሰሳለሁ እያለ የሚፈራ ከሆነ እንዴት አድርጎ አገር ይመራል ብላ ሞገተችው። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ከጎናችን ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ አንድ ጋሼ መነጽራቸውን አውርደው ወደ እኛ ዞሩ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው አገሩን ተዉትና፣ ለመሆኑ በእኛ አገር ንጉሥ ቢበድል በሕግ የሚወርድበት መንገድ ተጽፎ ያውቃል ወይ አሉን።

ሦስታችንም ዝም አልን። የሕገ መንግሥት ታሪክን ኮርስ ወስደናል፤ ጥሩ ውጤትም አምጥተናል። ግን ስለ 1923ቱ ሕገ መንግሥት የምናውቀው ከጃፓን የተቀዳ መሆኑንና አንቀጾቹ 55 መሆናቸውን ብቻ ነበር። ማን ጻፈው ብንባል ንጉሡ እንል ነበር መሰለኝ። እኔ በበኩሌ አፈርኩ። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ የገባሁት ስለ አንድ አንቀጽ ለማንበብ ነበር፣ የወጣሁት የአንድ ሰው ሕይወት ይዤ ነው።

ሰውየው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ብዙ ተማሪ እሳቸውን ከብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ጋር ያምታታል፣ እኔም አምታትቼ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። ብላታ ታከለ ንጉሡን በተደጋጋሚ በሴራ ለመጣል የሞከሩት አርበኛ ናቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ግን የንጉሡን ሥልጣን በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ናቸው። ስማቸው ቢቀራረብም መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ፣ ሰያ ደብር ነው። ገና በልጅነታቸው ሐረር ገብተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። የአድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት እንኳ ሞልቶ እንደሆነ እንጃ፤ ቢሆንም የራስ መኮንንን ሠራዊት ተከትለው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ደግሞ ሊዮንቲየቭ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። እስቲ አስቡት፣ ከሐረር የመጣ ልጅ በፔተርስበርግ በረዶ ውስጥ! በዚያ በአንድ የጦር መኮንን ቤተሰብ ዘንድ ኖሩ፤ ስመ ጥር በነበረው የሚካሂሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተውም ተመረቁ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሲመለሱ ዳግማዊ ምኒልክ ታመዋል፣ ቤተ መንግሥቱም ማን ይተካቸዋል በሚል ሹክሹክታ ተሞልቷል።

በተማሩት ልክ የሚሠራ ሥራ ወዲያው አላገኙም። የሥነ ጽሑፍ ክፍል ጓደኞቻችን የሚያውቋቸው በሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰውን ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያን የጻፉት እሳቸው ናቸው። አውሬዎቹ የተወሰዱት ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆን፣ የሚነካካው ግን የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ነበር። መኳንንቱ አልወደዱትም፤ ተውኔቱም ታገደ። ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ሹማምንትን በአውሬ መስሎ የተቸ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ከትችት ሁሉ በላይ የሆነ ንጉሥ በሕግ ጻፈ። እንዴት እዚያ ደረሰ የሚለው ነው እኔን ያስጨነቀኝ።

መልሱ ያለው ይመስለኛል በ1909 ዓ.ም.። ለእኛ ለደሴ ልጆች ደግሞ ይህ ዓመት ከመጽሐፍ ይልቅ በቤት ወሬ የሚታወቅ ነው።

ምኒልክ አልጋ ወራሽ ያደረጉት የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ነበር። ልጅ ኢያሱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የሚባለውን አዳራሽ ደሴ ላይ ያሠሩት፣ ዛሬም ከተማዋ የምትኮራባቸው ሰው ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ የሸዋ መኳንንት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። የክሱ ዋና ነገር ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ሆኖም ምኒልክ ልጄን የከዳ ብለው ሕዝቡን በመሐላና በግዝት አስረውት ነበርና፣ ሽረቱ እንዲጸና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ግዝቱን መፍታት ነበረባቸው። እንግዲህ የጋሼ ጥያቄ እዚህ ላይ ግማሽ መልስ ያገኛል። በ1909 ንጉሥ የሚወርድበት የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። የነበረው የመኳንንት ስብሰባ፣ የጳጳስ ግዝት መፍታትና፣ እነዚህ ሁለቱ ካልበቁ ደግሞ ጦር ነው።

ጦሩም አልቀረም። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለመመለስ የወሎን ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ተሸነፉ፤ ተማረኩ፤ በእስር እንዳሉም አረፉ። አያቴ እንደምትነግረኝ የእሷ አያት ከሰገሌ ካልተመለሱት አንዱ ናቸው። መቃብራቸው የት እንደሆነ በቤተሰባችን የሚያውቅ የለም። ተክለ ሐዋርያት ደግሞ ከሽረቱ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ፤ በሰገሌም ከሸዋ ጎን ቆመዋል። ይህን ሳነብ ለአፍታ መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ፤ አልዋሽም። አያቴ ግን ስነግራት እንዳሰብኩት አልተቆጣችም። ያኔማ ሁሉም ወንድሙን ነበር የገደለው ብላ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። ተክለ ሐዋርያት በጅጅጋ በኋላም በጨርጨር ገዥ ሆኑ። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው። ጨርጨር በዘመኑ ለሌላው ጠቅላይ ግዛት ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ በተጻፈ ሥርዓት የሚተዳደር አውራጃ ነበር። ለእኔ ይህ የሕገ መንግሥቱ መለማመጃ ይመስለኛል። ሹም እንዳሻው የሚያዝበትን ነገር በጽሑፍ ማሰር ያኔ ጀምሮ ሐሳባቸው ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቁ የታዘዙትም በዚሁ ጊዜ ነው። የዘመኑ ምሁራን ጃፓንን በጣም ያደንቁ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ጃፓናይዘር ብለው ይጠሯቸዋል። ጃፓን ዘውዷን ሳትጥል ሠልጥናለች፣ እኛስ ምን ይጎድለናል ባዮች ናቸው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት ዋና አብነታቸው ሆነ። ረቂቁ ሲመከርበት ከታላላቆቹ መሳፍንት መካከል ግዛታችን ለልጅ ልጆቻችን በርስትነት ይጽና፣ ሕጉም ይህን ይመስክርልን የሚሉ ነበሩ። ተክለ ሐዋርያትና መሰሎቻቸው ይህን ተቃወሙ። ያሸነፉትም እነሱ ናቸው። መሳፍንቱ ያገኙት በንጉሠ ነገሥቱ የሚመረጥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር ነው።

እንግዲህ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን ሕገ መንግሥት እንየው። ተክለ ሐዋርያት በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ለተሰበሰበው መኳንንት ሰፊ ማብራሪያ አሰምተዋል። ሦስተኛው አንቀጽ ዙፋኑ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር በተወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትውልድ ብቻ ለዘለዓለም እንዲጸና ይወስናል። ልብ በሉ፣ ልጅ ኢያሱም በእናታቸው በኩል ከሣህለ ሥላሴ ዘር ናቸው፤ ያኔም በሕይወት ነበሩ፣ እስር ላይ። አንቀጹ ስማቸውን ሳይጠራ በሩን ዘጋባቸው። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ በትውልዱና በቅብዓቱ ምክንያት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማያጠያይቅ መሆኑን ይደነግጋል። ስድስተኛው የበላይ ሥልጣን ሁሉ በእጁ እንደሆነ ያክላል። ተክለ ሐዋርያት በ1909 የተሾመ አልጋ ወራሽ ሲሻር ያዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ሰገሌ እንዳይመጣ አሰቡ፤ መንገዱን ሁሉ ደፈኑት። እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ደስ ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር በሕጉ ውስጥ መልካም ነገርም አለ። ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም፣ ቤቱ አይፈተሽም፣ ደብዳቤው አይከፈትም ይላል፤ በሕግ ከተወሰነው በቀር የሚል ማፈናፈኛ ቢኖረውም። የመጨረሻው 55ኛ አንቀጽ የመንግሥት ገቢና ወጪ በየዓመቱ በበጀት እንዲወሰን ያዛል። ይሄ የገንዘብ ሚኒስትሩ እጅ ያረፈበት ይመስለኛል፤ የንጉሥ ካዝናና የአገር ካዝና በማይለይበት ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንትና የአካባቢ ሹሞች ይመርጧቸዋል ይላል። እስኪበቃ የምትለዋ ቃል ናት የምታናድደው። በቅቷል የሚለው ማነው? ሕዝቡ በቀጥታ ለመምረጥ 26 ዓመት ጠብቋል፤ የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ያም የሆነው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ በእሱ ረቂቅ ላይ ጆን ስፔንሰርን የመሳሰሉ አሜሪካውያን የሕግ አማካሪዎች ሠርተውበታል። ከአሜሪካ ሕግ የመብት አንቀጾችን ቀዱ፣ መሪ ተከሶ የሚወርድበትን አንቀጽ ግን አልቀዱም። ያን የሚፈቅድላቸው ማን ኖሮ!

ደግሞም በ1923ቱ ሕግ አንድም ፍርድ ቤት ንጉሡን ይህ ሥራህ ከሕጉ ውጭ ነው ሊለው አይችልም ነበር። አሜሪካኖቹ ፍርድ ቤት ሕግን ሊሽር ይችላል የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪ ጉዳይ ጨርሰውታል። እኛ ዛሬም ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አልሰጠንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ትርጉሙን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የሥልጣን ዘመኑን ጉዳይ የወሰነውም ይኸው ምክር ቤት ነው። እዚያ ክርክር ውስጥ ከገባሁ ይህ ጽሑፍ አያልቅም፤ ለሕግ ተማሪዎች ልተወው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ተክለ ሐዋርያት ሕጉን ከጻፉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አውሮፓ ተላኩ፤ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቭ ደግሞ በመንግሥታት ማኅበር የአገራቸው ተወካይ ሆኑ። የወልወል ግጭት ሲነሳና ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ በማኅበሩ ፊት የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ኢትዮጵያ የተጻፈ ሕግ ያላት መንግሥት ናት ብሎ ለመከራከር የ1923ቱ ሰነድ ጠቅሟቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። ምን ዋጋ አለው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማችንን ደበደቡ፤ ቦምቡ አሜሪካኖች ይሠሩበት የነበረውን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። ልጅ ኢያሱ የሞቱትም በዚያው ወቅት፣ ሐረር ውስጥ ጋራ ሙለታ ታስረው ሳሉ ነው።

አገሪቱ ስትያዝ ተክለ ሐዋርያት ከንጉሡ ጋር ወደ እንግሊዝ አልሄዱም። በጅቡቲና በኤደን በኩል አድርገው ማዳጋስካር ገቡ። በዚያም አገር ነፃ ከወጣች በኋላ ሳይቀር ብዙ ዓመታት ቆዩ። የጻፉት ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል የቆየው እሳቸው በሌሉበት ነው። የተመለሱት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያኔ ሕጉ ተሽሮ በሌላ ሊተካ ነበር፣ ወይም ተተክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሂርና ላይ እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉት ደራሲ ናቸው፤ ለብዙ አንባቢ ልጁ ከአባቱ ይበልጥ ይታወቃሉ።

በጅሮንዱ ረጅም ዕድሜ ኖሩ፤ ለዚህም ነው ታሪካቸው የሚገርመኝ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። አያቴ ያኔ ወጣት ነበረች፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ዛሬም ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ፓርላማ ነበር፤ በሕዝብ የተመረጡ የወሎ እንደራሴዎችም ነበሩ። ግን ንጉሠ ነገሥቱን ጠርቶ ይህ ሕዝብ ለምን አለቀ ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ አልነበረም። በዚያው ክረምት አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ጎን ለጎን አስቀምጬዋለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ፕሬዚዳንት ኒክሰንን የድምፅ ቅጂዎቹን አስረክብ ብሎ በአንድ ድምፅ አዘዘ፤ ምክር ቤታቸው ክስ አዘጋጀ፤ ሰውየውም ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ከ34 ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ በወታደር ቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። በዋዜማው ሌሊት የወሎን ረሃብ የሚያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። ከዚያ የመጣውን ደም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ በሕይወት ሆነው አዩት፤ ዕድሜያቸው ዘጠና አካባቢ ነበር። ያለ ሕግ የተሻረ ንጉሥ በወጣትነታቸው አዩ፤ ንጉሥ እንዳይሻር የሚል ሕግ በጎልማሳነታቸው ጻፉ፤ በእርጅናቸው ደግሞ ያው ንጉሥ ያለ ሕግ ሲሻር ደረሱ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሕይወቴ ታሪክ ብለው የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን እዚያችው ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ አንድ የረሳኸው ነገር አለ አሉኝ። ደርግ ንጉሡን ባወረደበት አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ቢያግድም፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ከሕክምና ሲመለሱ እንዲነግሡ ብሎ ነበር። አልጋ ወራሹ ያኔ ጄኔቭ ነበሩ። እናታቸው እቴጌ መነን ናቸው፤ የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስኂን፤ የወይዘሮ ስኂን አባት ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል። ማለትም በሰገሌ ሜዳ የተሸነፈው የወሎ ቤት ልጅ፣ ከ58 ዓመት በኋላ በወረቀት ላይ ንጉሥ ተብሎ ነበር። አልተመለሱም። በ1967 ዓ.ም. መጋቢት ዘውዱ ራሱ ቀረ። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማርከው አንተ ይህን እንዴት ታጣዋለህ ብለው ሳቁብኝ፤ የሻዩንም ሒሳብ እሳቸው ከፈሉ።